የመንጠቆ ያዡ ዓይን

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሃያ አራት ሠልጣኞች በሁለት ረድፍ ይቆሙና ጓንታቸውን ይነፋሉ። የጎማውን ጓንት አፍ ጠቅለል ጠቅለል አድርገው አየሩን ወደ ጣቶቹ ይገፉታል፤ እንደ ላም ጡት ሲያብጥ ጉንጫቸው ላይ ያስጠጉታል። ቀዳዳ ካለው ጉንጭ ላይ ሽው ይላል፤ ከሌለው ዝም ነው። ከዚያ ቀለበት ይወልቃል፣ ሎቲ ይወልቃል፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይወልቃል። የአንገት ማተብ ክሩ ይፈቀዳል፤ መስቀሉ ግን ብር ከሆነ አይፈቀድም። ስለዚህ በር ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ የወይራ እንጨት መስቀል ታውሳለች፤ ከሥራ መውጫ ላይ ቆጥራ ትረከባለች። «ስምንት መቶ ቮልት ሃይማኖት አይለይም» ትላለች ሁልጊዜ። የሚስቅላት ሰው ካጣች ቆይታለች።

በኮምቦልቻው ማሠልጠኛ ግቢ፣ በ2068 ዓ.ም.፣ ቀኑ የሚጀምረው እንዲህ ነበር። ይሄ ሁሉ ሲሆን ደምመላሽ የሚያየው የራሱን ጓንት አልነበረም። የዘሃራን ነበር።

ደምመላሽ ማን መሰላችሁ? ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሃያ ስድስቱን ዓመት በሐጂ ኑርሁሴን ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ የመኪና ሆድ ሲያይ ኖሯል። ናፍጣ ባልጠፋበት ዘመን፣ ኋላም ግማሽ ነዳጅ ግማሽ ኤሌክትሪክ የሆኑት ድብልቅ አውቶብሶች በነገሡበት ዘመን፣ ከሎጊያ እስከ ወልዲያ ስሙን የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ «ሦስተኛው ፒስተን ነው» ይላል። ሲከፈት ሦስተኛው ፒስተን ነው! «ጆሮ» ብለው ነበር የሚጠሩት። ሰው ከሰመራ ድረስ መኪናውን እየጎተተ መጥቶ «ጆሮ አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ከሌለ ተኝቶ ይጠብቀዋል እንጂ ለሌላ አይሰጥም።

ከዚያ ዓለም ዝም አለች። የኮምቦልቻ የመጨረሻው ነዳጅ ማደያ ችግኝ መሸጫ ሆነ። መኪናው ሁሉ ያለ ድምፅ መጥቶ ያለ ድምፅ ይሄዳል፤ ሲበላሽም ያለ ድምፅ ነው የሚበላሸው። ጆሮ ምን ያደርጋል? አዲሱ ሕግ ደግሞ የባትሪ ሣጥን የሚከፍተው ቀይ ጓንት የተሰጠው ሰው ብቻ ነው አለ። ለአንድ ጋራዥ አንድ ቀይ ጓንት። ሐጂ ኑርሁሴን ሁለት ሰው ላኩ፤ «የቀናው ይያዘው» ብለው። አንዱ ደምመላሽ ነው። ሁለተኛዋ ዘሃራ ናት።

አሁን እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዘሃራ ወደ ጋራዡ የመጣችው የዛሬ ስምንት ዓመት የወንበር ልብስ ልትሰፋ ነበር። የአሥር ቁጥርና የአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አትለይም። እሷ በምሳ ሰዓት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ጥያቄ ስታዘንብ፣ «ነይ ውረጂ፣ እዚህ ሆነሽ ስሚ» ያላት ማነው? ደምመላሽ። ካቻቪቴውን ጆሮዋ ላይ ያስደገፈው ማነው? እሱ ራሱ። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በየማለዳው በሚወጣው ሰሌዳ ላይ አንደኛ ናት። እሱ ዘጠነኛ ነው። አንዳንድ ቀን አሥራ አንደኛ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ አይደል?

ሰሌዳው የማይመዘግበው ነገር የለም። ሠልጣኞቹ የጎማ አንባር ያስራሉ፣ መነጽር ያደርጋሉ። አንባሩ ልብ ይቆጥራል፤ መነጽሩ ዓይን የት እንዳረፈ ይጽፋል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ርዝመት፣ ሠልጣኙ በእንቅልፉ ስንት ጊዜ እንደተገላበጠ ሳይቀር ይወጣል። ለሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን ለከተማው። ዳቦ ቤት ወረፋ የያዘ ሰው እስኪደርሰው ድረስ ያነበዋል።

«ዛሬ አሥረኛ ሆነሃል አሉ» አለችው ባለቤቱ አበዛሽ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደውላ።

«ማን አለ?»

«ሁሉም ነዋ። የዕድራችን ጸሐፊ ነገሩኝ። እንቅልፍም አጥቷል አሉኝ።»

«እሷስ?» አለ፣ ሳያስበው።

«ዘሃራ? አንደኛ ናታ። ምን አዲስ ነገር አለው? አንተ እኮ ነህ ያስተማርካት ደሜ። ደስ ሊልህ ይገባ ነበር።»

ደስ አላለውም። ስልኩን ዘጋ። ቀንቷል። ቃሉን ሌላ ስም አናወጣለትም፤ እሱም አላወጣለትም። ማታ ጋደም ሲል እጇ ይመጣበታል፤ ያ የማይንቀጠቀጥ፣ ወንበር ልብስ ሲሰፋ የኖረ ቀጭን እጅ። ምነው መርፌውን ይዛ በቀረች! ብሎ ያስባል። ወዲያው ያፍራል። አፍሮ ሳያበቃ እንደገና ያስባል።

ይባስ ብሎ ደግሞ ሰሌዳውን የሚያወጣው ማሽን ያጣመረው ከእሷ ጋር ነው።

ጥምረቱ እንዲህ ነው። ቀይ ጓንት ያጠለቀ ሰው ብቻውን አይሠራም። ከኋላው፣ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ሌላ ሰው መንጠቆ ይዞ ይቆማል። የመንጠቆው ዘንግ ረጅም ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ጫፉ የሰው ወገብ ያቅፋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ከያዘው በእጅ ማላቀቅ የለም፤ የነካው ሁሉ አብሮ ይያዛል። መንጠቆ ያዡ ነው ወገቡን አቅፎ ወደ ኋላ የሚጎትተው። ሥራው ይሄው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ጀርባ ማየት። አብዛኞቹ አንድም ሰው ሳይጎትቱ ጡረታ ይወጣሉ። ቀይ ጓንቱ ያመለጠው ሠልጣኝ የሚያገኘውም ይህንኑ መንጠቆ ነው፤ ያውም ከተሰጠው።

«መንጠቆ ይዤ ከምቆም መናኸሪያ በር ላይ ቆሎ ብሸጥ ይሻለኛል» ብሎ ነበር ደምመላሽ ገና በመጀመሪያው ሳምንት። ሁሉም ሰምቶታል።

አሠልጣኟ መምህርት ፋንታዬ ይባላሉ። ስድሳን የተሻገሩ፣ ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የሌላቸው፣ ሁሉንም ሰው «አንተ» «አንቺ» የሚሉ ሴት ናቸው። ጣቶቹ የት እንደቀሩ የጠየቃቸው የለም። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ያስደግማሉ።

«ከኋላ የቆመው ሰው ነገሩ ካላማረው ምን ይላል?»

«ቁም!» ይላሉ ሃያ አራቱ።

«አልሰማሁም!»

«ቁም!»

«ተሳስቶ ቁም ያለ ሰው ምን ይባላል?»

«እግዜር ይስጥልኝ!»

«ነጥብ ይቀነስበታል?»

«አይቀነስበትም!»

«ይኼ ቃል በነፃ ነው» ይሉ ነበር መምህርት ፋንታዬ፣ ሦስት ጣታቸውን አንስተው። «እዚህ ግቢ ውስጥ ነፃ የሆነ ነገር ሌላ የለም። ተጠቀሙበት።»

አንድ ቀን ዘሃራ የአውቶብስ ሣጥን ስትፈታ ድንገት እጇን አቆመችና ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ጣል አደረገች። «የማቀዝቀዣው ፓምፕ ደክሟል» አለች። መምህርት ፋንታዬ መለኪያውን አዩ፤ ምንም አያሳይም። ሲፈታ የፓምፑ ጥርስ ግማሹ ተበልቷል። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። «ከየት አመጣሽው ይሄን ጆሮ?» አሏት።

ዘሃራ ወደ ኋላ ዞራ በአገጯ አሳየቻቸው። «ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ። እኔ ምን አለኝ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ደምመላሽ ዞሮ ፈገግ አለ። እሱም መንጠቆውን እንደያዘ ፈገግ አለ። የእሱ ጆሮ! በሰው ራስ ላይ በቅሎ፣ በሰው ስም እየተጨበጨበለት! ክዳ ቢሆን፣ «ራሴ ያወቅሁት ነው» ብላ ቢሆን፣ በቅጡ ይጠላት ነበር። እሷ ግን መጥላቱንም ነሳችው። በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ የልቡ ምት ከሠልጣኙ ሁሉ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ምክንያቱ አልተጻፈም።

የመጨረሻው ፈተና ሐሙስ ጠዋት ነበር። ደምመላሽ ረቡዕ ተፈትኗል። አልወደቀም፤ ግን እጁ ሁለት ጊዜ ተንቀጥቅጧል። ዘሃራ ብትወድቅ፣ ወይም ፈተናዋ ቢቋረጥና ለሚቀጥለው ዓመት ቢተላለፍ፣ የሐጂ ኑርሁሴን ጋራዥ ቀይ ጓንት የእሱ ነው። ካለፈች የእሷ ነው። ሒሳቡ ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

አውቶብሱ አዳራሹ መሃል ተሰቅሏል። ሣጥኑ ከሥሩ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዘሃራ ሣጥኑን ከገመዶቹ የሚያቋርጠውን ብርቱካናማ ቁልፍ ነቅላ ወደ ኪሷ ከተተችና እንደ ደንቡ ጮክ ብላ ተናገረች፦ «ቁልፉ እኔ ኪስ ነው!» ከዚህ በኋላ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። በገመዶቹ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪሞት ማለት ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ግን አይሞትም፤ እሱ ቁልፍ አይሰማም፤ ከእሱ የሚያድነው ጓንት ብቻ ነው።

ለፈተና የሚሰጠው ጓንት አዲስ ነው። ከማሸጊያው አውጥታ ጠቀለለችው፣ ነፋችው፣ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። ጉንጯ በላብ ረጥቧል። ከላይ ትልቁ የአዳራሹ ማራገቢያ ይዞራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች። አጠለቀችው።

ደምመላሽ ሁለት ሜትር ከኋላ ቆሞ ሰማ።

ቀጭን ድምፅ ነው። ድሮ የናፍጣ ቧንቧ በመርፌ ቀዳዳ ሲተነፍስ የሚያወጣው ዓይነት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከሞተር ጩኸት ውስጥ እየለየ ሲያወጣው የኖረ ድምፅ። የቀኝ እጅ ጓንት ነው። በአውራ ጣቱና በጠቋሚው መሃል። ጆሮው አልሞተም ለካ! መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ እውነቱ ይነገር። ቀጥሎ አፉን ከፈተ።

ከዚያ ዘጋው።

ቆይ፣ አለ በልቡ። ቆይ እስቲ። ምናልባት ማራገቢያው ይሆናል። ዕድሜ ነው፤ ጆሮ እንዲሁ ሽው ይላል። ደግሞስ ጓንት የሚፈትሸው የሚለብሰው ሰው አይደለም እንዴ? አንደኛ አይደለችም? አንደኛ የሆነ ሰው ይፈትሽ እንጂ! ሁለት ደቂቃ አለፈ። የዘሃራ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ታደርጋለች። መምህርት ፋንታዬ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰዓቱን ያያሉ። ሌሎቹ ሠልጣኞች ግድግዳውን ተደግፈው ያዛጋሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይል ነበር አባቱ። ምን አገባኝ? ማንስ ሰምቷል ብሎ ይጠረጥረኛል?

ሞቷን አልተመኘም። ይሄን ኋላ ለራሱ መቶ ጊዜ ነግሮታል። የተመኘው ትንሽ ነገር ነው፤ እጇ ትንሽ ብቻ እንዲነዝራት፣ እንድትጮህ፣ ፈተናው እንዲቋረጥ፣ ሰው ሁሉ «ጓንቷን እንኳ በቅጡ አትፈትሽም» እንዲል። ስምንት መቶ ቮልት ትንሽ ብቻ እንደማይነዝር ያውቃል። በየቀኑ አስደግመውታል። እያወቀ ነው የተመኘው።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ዘሃራ ዞር ብላ አየችውና ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ፈራሁ» አለች በሹክሹክታ።

«አይዞሽ» አላት።

አይዞሽ! ቃሉ ከአፉ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ለአይዞሽ ቦታ ያገኘ አፍ ለቁሚ እንዴት ያጣል?

አሥረኛው ደቂቃ ሞላ፤ አረንጓዴው መብራት በራ። ዘሃራ ክዳኑን አነሳች። ቀኝ እጇ ወረደ። ደምመላሽ «ቁሚ» ሊል ምላሱን አነሳ፤ ምላሱ ግን ደርቆ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል። አንድ ስንዝር ቀርቷታል። ጣቷ ገባ። ያኔ እጁ፣ እሱን ሳያማክር፣ መንጠቆውን ሰነዘረና ወገቧን በጫፉ አቅፎ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሳባት።

«ያ አላህ!» ብላ በፊቷ ተደፋች። አገጯ ወለሉ ላይ አረፈ። የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሰብሮ እየተንከባለለ መምህርት ፋንታዬ እግር ሥር ቆመ።

«ተይዛለች?» መምህርት ፋንታዬ ብድግ አሉ።

«አልተያዘችም» አለ ደምመላሽ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል።

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ጓንቱ… ቀዳዳ አለው። የቀኙ። አውራ ጣቱ ሥር።»

ጓንቱን ነፍተው ውኃ ውስጥ ነከሩት። ለአፍታ ምንም የለም። ከዚያ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ አረፋዎች አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ድብልቅልቅ አለ። «ጆሮ! ጆሮ!» አሉ። ያን ስሙን የሚያውቅ ሰው እዚህ እንዳለ እንኳ አያውቅም ነበር። ዘሃራ ደም በተሞላ አፍ እየተንተባተበች እጁን ይዛ ሳመችው። «ነፍሴን አተረፉልኝ ጋሼ። አላህ ዕድሜዎትን ያርዝመው።» ደምመላሽ እጁን ሊነጥቃት ሞከረ፤ አልለቀቀችውም። የሣጥኑን ሥራ ከሰዓት በኋላ፣ በሌላ ጓንት፣ በአሥራ አራት ደቂቃ ጨረሰችው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዓርብ ማለዳ ሰሌዳው ወጣ።

«የዘሃራ መንጠቆ ያዥ። ጉድለቱን ያወቀበት፦ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ቁም ያለበት፦ የለም። የሳበበት፦ አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት።» ከሥሩ የልቡ መስመር አለ፤ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ወጥቶ እስከ መጨረሻው አልወረደም። ሌላ አንድም ቃል የለም። ሰሌዳው ሰው አይሰድብም።

ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ተነበበ። መናኸሪያ ተነበበ። አበዛሽ ስትደውል ስልኩን አነሳው።

«ደሜ» አለች፣ «አሥር ደቂቃ ሙሉ ምን ስታደርግ ነበር?»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጎረቤት ሳይጠይቀኝ ልጠይቅህ ብዬ ነው» አለችና ዘጋችው።

መምህርት ፋንታዬ ቢሮ ሲጠሩት ልብሱን በፌስታል ሸክፎ ነበር የሄደው። እንደሚያባርሩት እርግጠኛ ነው። እንዲያውም እንዲያባርሩት ፈልጓል።

«ቁጭ በል» አሉት። «የዘሃራ ቀይ ጓንት ጸድቋል።»

«ይገባታል» አለ።

«አንተ ደግሞ መንጠቆ ያዥ ሆነህ ተመድበሃል። የእሷ። ለአምስት ዓመት።»

ደምመላሽ የሰማውን ማመን አቃተው። «ሰሌዳውን እያዩት?»

«እሱን አይቼ ነው እንጂ።» ወረቀት ወደ እሱ ገፉ። «የአንድ መንጠቆ ያዥ ዓይን ሠራተኛው ላይ የሚያርፈው ከመቶ ደቂቃ ስልሳውን ነው። ጎበዝ የተባለው ሰባ አራት። ሌላውን ጊዜ ጣራ ያያል፣ ስለ ልጁ ያስባል። የአንተ ዘጠና ስምንት ነው። ሦስት ወር ሙሉ። ስታስነጥስ እንኳ አላመለጠችህም።»

«ይሄ እኮ… ትጋት አይደለም መምህርት።»

«ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማሽኑም ያውቃል። ከመጀመሪያውም ያጣመራችሁ ለምን ይመስልሃል? ወዳጅ ከሆነ ወሬ ይይዛል፤ ደመወዝተኛው ይሰለቻል። የሚቀና ሰው አይሰለችም።»

«አሥሩ ደቂቃስ?»

መምህርት ፋንታዬ ሦስት ጣት የቀራትን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዩዋት። «የእኔ መንጠቆ ያዥ የልብ ጓደኛዬ ነበረች» አሉ። «ትወደኝ ነበር። መስኮት መስኮቱን ስታይ ነው የተያዝኩት።» ከዚያ ቀና አሉ። «አሥሩ ደቂቃ ተመዝግቧል። መጨረሻ ላይ ሳብክ ወይስ አልሳብክም?»

«ሳብኩ።»

«በቃ፣ ማሽኑ የሚጠይቀው እሱን ነው። እሷም ፈርማለች።»

በሩ ላይ የወይራውን መስቀል ሲመልስ ዘሃራን አገኛት። ሎቲዋን እየተረከበች ነው። ጥርሷ ተሰብሮ ስታያት ሌላ ሰው ትመስላለች። ሰሌዳውን እንዳነበበች ከዓይኗ ታወቀው፤ ሰላምታ ሲያቀርብ ወለሉን ነበር የምታየው።

«ለምን ፈረምሽ?» አላት።

«ጋሼ፣ አሥሩን ደቂቃ አይተውኛል አይደል?»

«አይቼሻለሁ።»

«ዓይንዎን አንስተው ነበር?»

«አላነሳሁም።»

«እንግዲያው ከእርስዎ የተሻለ ከየት አመጣለሁ?» ሎቲዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «እናቴ ስትመርቀኝ ‹ምቀኛ አታሳጣኝ በይ› ትለኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።»

እርስዎ ማለቷን አልተወችም። አንተ ብላ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ስምንት ወር አለፈ። በሐጂ ኑርሁሴን ጋራዥ ሥራ ተትረፍርፏል። ሐጂ በር ላይ ተቀምጠው «መኪናው ዝም፣ ሠራተኛው ዝም፣ ጋራዥ ነው ወይስ መስጊድ?» እያሉ ያሾፋሉ። ዘሃራ በየጠዋቱ ጓንቷን ነፍታ ጉንጯ ላይ አታስጠጋውም። ሁለት ሜትሩን ተራምዳ መጥታ ደምመላሽ ጆሮ ላይ ታስደግፈዋለች። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያዳምጣል።

«ደህና ነው» ይላል።

እሷ ፊቱን አታይም። አንባሩን ታያለች። ልቡ ካልዘለለ ታጠልቀዋለች። አንድ ቀን ሳል አፍኖት ልቡ ሲዘል ጓንቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ደህና ነበር ጓንቱ።

አንድ ነገር ግን እየተለወጠ መጣ። ሰው እንደ ቅቤ ነው፤ ሲውል ሲያድር ይረጋል። ደምመላሽ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። አንድ ጠዋት ከዘሃራ ጀርባ ላይ ዓይኑ ተነስቶ በቦርከና በኩል የሚያልፍ ደመና ሲያይ ራሱን ያዘው። እጇ ሲያምር «ያምራል» ብሎ ብቻ አለፈ። አንባሩ ላይ በየደቂቃው የሚታየው የዓይኑ ቁጥር ከዘጠና ስምንት ወደ ዘጠና ሦስት፣ ወደ ዘጠና ወረደ። ከሰማንያ አምስት ከወረደ ጥምረቱ ይፈርሳል፤ ሌላ መንጠቆ ያዥ እስኪገኝ ቀይ ጓንቱ ይታገዳል፤ እሱም መንጠቆውን ያስረክባል። አበዛሽ እንደገና ሳቅ ሳቅ ማለት ጀምራለች። «ፊትህ ተፈታ» አለችው። ደምመላሽም መልካም ሰው ሊሆን የተቃረበ መሰለው፤ መልካምነቱ ከሥራ እንደሚያስወጣው ግን ያውቃል።

በዚያ ሰኞ ጠዋት አንባሩ ላይ ያለው ቁጥር ሰማንያ ስድስት ነበር። ዘሃራ ጓንቱን ጆሮው ላይ አስደገፈች።

«ደህና ነው» አለ።

አንባሩን አየች። ልቡ ዝም ብሏል። ቁጥሩን አየች። ጓንቱን አላጠለቀችም።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ጉድጓዱ ነገ ይደፈናል።»

«የቱ ጉድጓድ?»

«የእርስዎ ነዋ። ሲሚንቶው ነገ ጠዋት ይመጣል። ሐጂ ቦታውን ለእኔ ጠረጴዛ ሰጡኝ። እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው።»

ሃያ ስድስት ዓመት። ግድግዳው ላይ በካቻቪቴ የጫረው ስሙ አለ፤ እሷን ያወረደበት መሰላል አሁንም አለ። ደምመላሽ ወደ በሩ ዞሮ ሐጂን ሊያይ ፈለገ፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ሊጠይቅ። አልዞረም። ዓይኑ የዘሃራ ፊት ላይ፣ የተሰበረው ጥርሷ ላይ፣ እጇ ላይ ተተከለ። ያ አሮጌ ቅናት ተመልሶ መጣ። አቤት ሲመጣ! አንድ ቀን ያልተለየው ነው የሚመስል።

ዘሃራ ቁጥሩ ሲወጣ ቆማ ጠበቀች። ዘጠና አንድ። ዘጠና አምስት። ዘጠና ስምንት ላይ ሲደርስ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ዓይኗ ውኃ አቀረረ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለች በለሆሳስ። «ሦስት ልጆች አሉኝ።»

ቀይ ጓንቷን አጠለቀች። ጀርባዋን ሰጠችው። ብርቱካናማውን ቁልፍ ነቅላ ወደ ኪሷ ከተተች።

«ቁልፉ እኔ ኪስ ነው!» ብላ ጮኸች።

አሥሩ ደቂቃ ጀመረ። ደምመላሽ መንጠቆውን አጥብቆ ያዘ። ዓይኑን ከላይዋ አልነቀለም።